ፅንስ ማቋረጥን መከልከል ግብረ ገብነትን ያበዛልን?

(በዋግ ኽምራ ለሚኖረው ሕዝብ የተዘጋጀ ትምህርታዊ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በአደባባይ እምብዛም አይነሣም፤ በየጓዳው ግን ዘወትር አለ። ፅንስ ማቋረጥ ጨርሶ በሕግ ይከልከል፣ አሁን በሕጉ ውስጥ ያሉት ፈቃዶችም ይሰረዙ የሚል ድምፅ በአገራችን በተደጋጋሚ ይሰማል። ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ከቅን ልብ የሚናገሩ፣ ሃይማኖታቸው ስለ ሕይወት ቅድስና ያስተማራቸውን አጥብቀው የያዙ ሰዎች ናቸው። እኔም ፅንስ ማቋረጥ ተራ ነገር ነው የሚለውን አነጋገር አልቀበልም። ከባድ ነገር ነው፤ ያለፈችበት ሴትም ከማንም በላይ ክብደቱን ታውቀዋለች። ነገር ግን «ድርጊቱ ከባድ ነው» ከማለት ተነሥቶ «እንግዲያው ሴቲቱን በወህኒ ማስፈራራት ማኅበረሰቡን ያንጻል» እስከማለት ለመድረስ ረጅም መንገድ አለ። ብዙ ሰው ይህን መንገድ ሳይመረምር በአንድ እርምጃ ያልፈዋል። የዛሬው ንግግሬ መንገዱን ቀስ ብሎ በማስረጃ ማየት ነው። የደረስሁበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ክልከላ ድርጊቱን ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የሚያስከትለውን ሞት ይጨምራል፤ ሞቱም የሚወድቀው በድሃዋ ላይ ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛውም ማኅበረሰብን ይበልጥ ግብረ ገብ አያደርግም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ኖረንበታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን ከአንድ ጠባብ በር በቀር ዘግቶት ነበር። በሩ የሚከፈተው የነፍሰ ጡሯ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድና ዘላቂ አደጋ ሲጋለጥ፣ ይህንንም ሐኪም በጽሑፍ ሲያረጋግጥና ሌላ ስፔሻሊስት ሐኪም ሲስማማበት ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ስፔሻሊስት ሐኪም ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውጭ አይገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሰሃላ፣ ለዝቋላ፣ ለአበርገሌ ሴት በሩ በወረቀት ላይ ተከፍቶ መሬት ላይ የተዘጋ ነበር። ይህ ሕግ እስከ ግንቦት 1997 ዓ.ም. ድረስ ሠርቷል፤ ሊያውም ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀውበት። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጥቂት የቀረው ሕግ ሰውን የሚያንጽ ቢሆን ኖሮ ፍሬውን ለማሳየት ጊዜ አላነሰውም።

ፍሬው ምን ነበር? በ1970ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ በእናቶች ሞት ላይ የተደረገ ጥናት ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ፊተኛው ፅንስ ማቋረጥ ያስከተለው ጉዳት ሆኖ አገኘው። ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ የማህፀን መበሳት ነው። ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በአገሪቱ ከሚሞቱት እናቶች ወደ ሲሶ የሚጠጉት በዚሁ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ድርጊቱ በተፈቀደበት አገር አይደለም፤ በተከለከለበት፣ ቀሳውስቱም ሼሆቹም በሚያወግዙበት፣ ጎረቤት ሁሉ በሚጠየፍበት አገር ነው። ከዚህ የበለጠ የተሟላ ክልከላ ሊኖር አይችልም፤ ሕግ፣ ሃይማኖትና ይሉኝታ በአንድነት ቆመዋል። ሴቶቹ ግን ሥር ቀቅለው ጠጡ፣ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ዋጡ፣ ስለታም ነገር ይዞ ለሚመጣ ሰው ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ። ሆዳቸው ከታመመ በኋላም ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ እውነቱን ለመናገር ፈሩ፤ «ወድቄ ነው»፣ «ከባድ ነገር አንሥቼ ነው» ማለት የተለመደ ሆነ። ሐኪሙ የበሽታውን ምክንያት ሳያውቅ ሰዓታት አለፉ፤ በእንዲህ ዓይነቱ መመረዝ ደግሞ የምትድነውንና የምትሞተውን የሚለዩት እነዚያ ሰዓታት ናቸው። እንግዲህ ክልከላው ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር መደበቅን ነው፤ ሴትን ከሐኪሟ፣ ልጅን ከእናቷ መደበቅን።

ይህንኑ የ1949 ሕግ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ አንቀጽ አለ። ልጃገረድ ጠልፎ የወሰደ ሰው በኋላ በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ አይከሰስም ነበር። የአንድን ሕግ ሁለት ገጾች አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እንያቸው። በአንደኛው ገጽ፣ ተጠልፋና ተደፍራ የፀነሰች ልጅ ፅንሱን ብታቋርጥ ወንጀለኛ ናት። በሌላኛው ገጽ፣ የጠለፋትና የደፈራት ሰው ሽማግሌ ልኮ ቢያገባት ነፃ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሥራ አራት ዓመቷ አበራሽ በቀለ በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለች ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ፍርድ ቤት የቆመው በዚህ ሕግ ዘመን ነበር፤ ልጅቷም ራሷን እንደተከላከለች ተቆጥሮላት በነፃ ተለቀቀች። ፅንስ ማቋረጥን አጥብቆ የከለከለ ሕግ የሴትን ገላ ላቆሰለ ወንድ ይህን ያህል ገር ከነበረ፣ ክልከላው ይጠብቅ የነበረው ግብረ ገብነት የማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ዘመኑን መኮነን ቀላል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያንን ሕግ እንመልስ ስንል የትኛውን ገጽ እያሰብን እንደሆነ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሁለቱንም ገጾች ለወጠ። የጠላፊውን መውጫ ዘጋ። ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ለሁሉም አልፈቀደም፤ ዛሬም ድረስ ድርጊቱ በመሠረቱ ወንጀል ነው። አንቀጽ 551 ግን አራት ሁኔታዎችን ለይቶ አወጣ፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፤ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ያለው ሲሆን፤ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ገና ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር። ከሁሉም ይልቅ ልባችሁን እንድትሰጡት የምፈልገው ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ውስጥ የሚገኘው ንዑስ አንቀጽ ነው። ሴቲቱ ተደፍሬ ነው ካለች ቃሏ በቂ ነው ይላል፤ የፖሊስ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የደፋሪው ስም አትጠየቅም።

ይህ ንዑስ አንቀጽ ለእኛ ለዋጎች የወረቀት ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅ፣ ሰቆጣም በጦር ስትያዝ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በሴቶች ላይ የተፈጸመውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት መዝግቦታል። በትግራይ ያሉ እህቶቻችንም ተመሳሳይ መከራ ደርሶባቸዋል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለእውነት አይመችም። በዚያ ወቅት ፖሊስ ጣቢያ የት ነበር? ፍርድ ቤት የት ነበር? የተደፈረችው ሴት የደፋሪዋን ስም ቀርቶ ከየት እንደመጣ እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ክልከላውን የሚደግፉ ብዙ ሰዎች «የተደፈረችዋን እንተዋት፣ እሷ ግን ታስመስክር» ይላሉ። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ሴት ልጅ የደረሰባትን አደባባይ አውጥታ ለመክሰስ ስንት ነገር እንደሚያስቆማት ሁላችንም እናውቃለን፤ ምስክር የለም፣ ቤተሰብ ያፍራል፣ ሽማግሌ «በእርቅ ይለቅ» ይላል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል፣ እርግዝናው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ማስረጃ አምጪ የሚል ክልከላ፣ የተደፈረችዋን ለይቶ አላወጣትም፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቆልፎባታል።

«ቢዋሹስ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ሴት ሳትደፈር ተደፍሬያለሁ፣ ለአካለ መጠን ደርሳ ሳለ ገና ልጅ ነኝ ልትል ትችላለች። ሕጉ ይህን አልዘነጋም፤ ሁለት ስሕተቶችን አመዛዝኖ አንዱን መረጠ እንጂ። የመጀመሪያው ስሕተት የዋሸችን ሴት ማመን ነው። ሁለተኛው የተደፈረችን ሴት ውሸታም ብሎ ከጤና ጣቢያው በር መመለስ ነው። ሁለቱንም ማስቀረት ካልተቻለ ጨዋ ማኅበረሰብ የትኛውን ይሸከማል? በእኔ እምነት መልሱ አያጠራጥርም። በግፍ የተጎዳችን ሰው ቃል መቀበል በራሱ ግብረ ገባዊ ሥራ ነው፤ ከማስፈራራትም ይልቅ የሕዝብን ባሕርይ የሚያሳየው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ፤ ከእኔ ክርክር ጋር በቀላሉ የማይስማማ ቁጥርም አለና እሱን ደብቄ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ በዓመት 382,000 ያህል ፅንሶች እንደተቋረጡ ተገምቷል፤ በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተከናወነው 27 በመቶ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ጥናቱ ሲደገም ግምቱ 620,300 ደረሰ፤ በጤና ተቋም የተከናወነውም 53 በመቶ ሆነ። የክልከላ ደጋፊው ወዲያው «አያችሁ፣ ሕጉ ሲላላ ቁጥሩ ጨመረ» ይለኛል። ጨምሯል። የተወሰነው የሕዝብ ቁጥር በመብዛቱ ነው፤ የተወሰነው ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ከ1,000 ሴቶች አንጻር ሲሰላም ከ22 ወደ 28 ከፍ ብሏል። በእነዚያው ዓመታት ከተሞች ሰፍተዋል፣ ሴት ልጆች በትምህርት ቤት ረዘም ያለ ጊዜ ቆይተዋል፣ ቤተሰብ የሚፈልገው የልጅ ቁጥር ቀንሷል፣ ያላገቡ ወጣቶች ግን የእርግዝና መከላከያ ለማግኘት አሁንም ያፍራሉ። በጓዳ ይደረግ የነበረው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ደግሞ መቆጠር ይጀምራል። ይሁን እንጂ ሕጉ ፅንስ ማቋረጥን ቀንሷል ብዬ አልከራከርም፤ አልቀነሰም። የቀነሰው ሞት ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶቻችን መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 ሕፃናት ልደት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህ ሁሉ በሕጉ ምክንያት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ መምጣት፣ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች መበርከት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሆስፒታል ጥናቶች ግምገማ፣ ከእናቶች ሞት ውስጥ ፅንስ ማቋረጥ የነበረው ድርሻ በተለየ ሁኔታ ማሽቆልቆሉን አሳይቷል። የደም መፍሰስና የደም ግፊት እንደቀድሞው እናቶችን ይገድሉ ነበር፤ ያ የሲሶውን ቦታ ይዞ የነበረው ምክንያት ግን ወደ ኋላ ቀረ።

የሌላውን ዓለም ልምድ ማየትም ይጠቅማል፤ በተለይ የሮማንያን። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 ባወጡት ድንጋጌ 770 ፅንስ ማቋረጥን አገዱ፤ የእርግዝና መከላከያም ጠፋ። በማግስቱ ዓመት የልደት መጠን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ክልከላ ይሠራል የሚል ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም የረታ ይመስለዋል። ግን ሴቶቹ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ የጓዳውን መንገድ አገኙ፤ ልደቱ ተመልሶ ወረደ፤ ሞቱ ግን ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮማንያ ከአውሮፓ ሁሉ እናቶች በብዛት የሚሞቱባት አገር ሆነች፤ አብዛኞቹም የሚሞቱት ከፅንስ ማቋረጥ ጋር በተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 አገዛዙ ሲወድቅ ድንጋጌው ከመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎች በአንዱ ተሻረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የእናቶች ሞት በግማሽ ገደማ ወረደ። ዓለም ከዚያ አገር የሚያስታውሰው ሌላው ነገር በየማሳደጊያው ታጉረው የተገኙት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ናቸው። መንግሥቱ እንዲወለዱ አስገድዶ፣ ከተወለዱ በኋላ በብረት አልጋ ላይ ጥሏቸዋል። ደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጓን አላላች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፅንስ ማቋረጥ የሚመጣው ሞት 91 በመቶ ቀነሰ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ድርጊቱን በሚገድቡ አገሮች ካልታሰቡ እርግዝናዎች በማቋረጥ የሚያበቁት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ 36 በመቶ ነበሩ፤ ከ2015 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት 50 በመቶ ሆነዋል። ሕጉ ባለበት ቆሞ ድርጊቱ ጨመረ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ግን በቁጥር የሚመለስ አይደለም። «ፅንሱ አፍ የለውም፣ ስለ እርሱ የሚናገር ሕግ ያስፈልገዋል፤ ግድያና ስርቆትም በሕግ ተከልክለው ይፈጸማሉ፣ አልቀሩም ብለን ሕጉን አንሽርም» የሚለው ነው። ይህን በአክብሮት እመልሳለሁ። የስርቆት ሕግ የተሰረቀውን በሬ ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ሌባውንም ያስፈራል፣ መንደሩም ሌባውን ለማጋለጥ ይተባበራል። ሕጉ ስርቆትን ባያጠፋም ጉዳቱን ይቀንሳል። የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ ግን ከአገራችንና ከሌላው ዓለም እንዳየነው ፅንሱን አላዳነም፤ በፅንሱ ላይ እናቲቱን ደረበ። እናት ስትሞት ደግሞ ቤት የቀሩት ልጆች ይበተናሉ፤ እነሱም አፍ የሌላቸው ናቸው። ስለ ግድያው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን የቀደመ ሥርዓት ራሱ ልዩነት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ314 በአንቂራ፣ በዛሬዋ የቱርክ አንካራ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ፅንሷን ያጠፋች ሴት ቀድሞ እስከ ዕለተ ሞቷ ከምሥጢር የምትከለከል እንደነበረች አስታውሰው፣ ይህን አራርተው የአሥር ዓመት ንስሐ ወሰኑላት። ሆን ብሎ ሰው የገደለውን ግን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ በንስሐ እንዲቆይ አደረጉ። አባቶች ድርጊቱን ኃጢአት ብለውታል፤ ሁለቱን ግን በአንድ ሚዛን አላስቀመጡም፣ ለሴቲቱም የመመለሻ መንገድ አበጁላት። የሃይማኖት አባት ምእመኑን የማስተማር፣ የመገሠጽ፣ ንስሐ የመስጠት ሥልጣኑን ማንም አልነጠቀውም። ያንን ሥልጣን ለፖሊስ ማስረከብ ሃይማኖትን የሚያጸና አይመስለኝም። ንስሐ በፈቃድ የሚመጣ ነው፤ ከወህኒ ፍርሃት የተነሣ የቀረ ድርጊትም የልብ ለውጥ ተብሎ አይቆጠርም።

«ሕግ አስተማሪ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ እውነት ነው፣ ያስተምራል። ግን የሚያስተምረው በሚቀጣውና በማይቀጣው ነው። ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክለው አንቀጽ፣ አሮጌውም አዲሱም፣ ሴቲቱንና የረዳትን ይቀጣል። ያስረገዘውና «አላውቅሽም» ብሎ የሄደው ወንድ በዚያ አንቀጽ ውስጥ ስሙ የለም። ከሰሃላ ቆላ ወጥታ በከተማ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ልጅ ከአሠሪዋ ወይም ከአሠሪዋ ልጅ ብታረግዝ፣ ሥራዋን ታጣለች፣ ወደ ቀዬዋ ለመመለስ ታፍራለች፣ የተወለደውም «ዲቃላ» ይባላል። ክልከላው በዚህ ሁሉ ላይ እስራትን ይጨምራል፤ ከወንዱ ግን አንድ ፀጉር አይነካም። ወጣቶች እንዳይባልጉ ፍርሃት ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ ፍርሃቱ ግን በሴቷ ትከሻ ላይ ብቻ የተጫነ ነው። ወንዱ ከዚህ ሕግ የሚማረው ትምህርት ቢኖር ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው እንደሆነ ነው። ገንዘብ ያላት ደግሞ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ በአንድ አገር ሕግ ሁለት ዓይነት ሴት ይኖራል።

ያልተፈለገ እርግዝናን በርግጥ የሚቀንሰው ምንድን ነው ከተባለ፣ መልሱ በራሳችን ክልል አለ። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 በመቶ ደረሱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ወደ 47 በመቶ። ይህን ያመጣው ዳኛ አይደለም፤ ቦርሳዋን ተሸክማ ከቤት ቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ያለዕድሜ ጋብቻም እንዲሁ ነው። ሕጉ ዕድሜውን 18 አድርጎታል፣ የወንጀል ሕጉም ይቀጣል፤ ግን አባት ልጁን ከመዳር የሚታቀበው ትምህርት ቤቱ ቅርብ ሲሆን፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ቤቱም እህል ሲኖረው ነው። ድርቁ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ሰሃላ ሰየምትን ሲመታ፣ ሰዎች ከብቶቻቸውን አጥተው ሲሰደዱ፣ ከአበርገሌ የተፈናቀሉትም በሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ሲኖሩ፣ ከማንም በፊት የተጋለጠችው ልጃገረዷ ናት። ረሃብና ስደት ያልተፈለገ እርግዝናን ያበዛሉ፤ ይህን ማንኛውም የመጠለያ ጣቢያ ነርስ ይመሰክራል።

የሰቆጣ ስም በአገሪቱ የጤና ታሪክ የተጻፈበት አንድ ሰነድ አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በ1977ቱ ረሃብ ስሟ በዓለም በታወቀው በዚህች አካባቢ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አወጀ፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት። ቃል ኪዳኑ በታወጀ በማግስቱ ዓመት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ሕይወትን ከመፀነሱ ጀምሮ እጠብቃለሁ የሚል ማኅበረሰብ ሥራው እዚህ አለለት። የተፀነሰው ልጅ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ በልታ ማደሯን፣ ምጥ ሲመጣ ከቆላው ወጥታ የእናቶች ማቆያ ወይም በሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረሷን፣ ከተወለደም በኋላ ሺህ ቀናቱን ሳይቀነጭር ማለፉን ይፈልጋል። ፅንስ እንዲጠበቅ አጥብቆ የሚጮኽ ሰው በዚህ ላይ ድምፁ ከቀነሰ፣ የሚጠብቀው ልጁን ሳይሆን ሕጉን ነው ብል አልተሳሳትኩም።

እንግዲህ ክልከላ ካልሆነ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ከወረዳው ምክር ቤት አቅም በላይ ያልሆኑ ጥቂት ነገሮችን እጠቅሳለሁ። አሁን ያለው ሕግ ራሱ በገጠር አልታወቀም፤ አገር አቀፉ ጥናት ያሳየን ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከጤና ተቋም ውጭ ይደረግ እንደነበር ነው። የተደፈረች ሴት ቃሏ በቂ መሆኑን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥና መሄድ እንዳለባትና የምትናገረውም በምሥጢር እንደሚያዝላት በአማርኛም በኽምጣናም ይነገራት። የእርግዝና መከላከያ ላላገቡ ወጣቶች ያለ ግልምጫ ይሰጥ። ወንዱም ይጠየቅ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እናቲቱ በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከነበረ፣ በማታለል፣ በሥልጣን በመመካት ወይም በጋብቻ ተስፋ ተደልላ ከነበረም የልጁ አባትነት በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ይፈቅዳል። አባትነቱ ሲታወጅ ቀለብ ይከተላል። ከሰሃላ ሄዳ ከተማ ላይ ያረገዘች የቤት ሠራተኛ ይህን መብት ለመጠቀም ክሱን የሚጽፍላት፣ መጥሪያውን የሚያደርስላት፣ የችሎት ቀን ማደሪያ የሚሰጣት ሰው ትፈልጋለች። የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ፣ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱና አብያተ እምነቶቹ ይህን በጋራ ማቅረብ ይችላሉ፤ ፅንስ ማቋረጥን አጥብቀው የሚቃወሙትም ልጁን መውለድ የመረጠችውን ሴት ከዚህ በተሻለ የሚረዱበት መንገድ አላይም።